ገንፎ ቀማሿ ሸለምጥማጥ

ድሮ ነው፤ ያውም የድሮ ድሮ። እንስሳት ጎረቤት ለጎረቤት እሳት የሚጫጫሩበት፣ ወንፊት የሚዋዋሱበት ዘመን ነው። ስሙን ለእኔም ማንም ባልነገረኝ አገር አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ቢምረው፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት፤ ተረት ተንጋሎ አይሰማም። አዎ፣ ሚዳቋ ነበረች፤ ዓይነ ትልቅ፣ እግረ ቀጭን፣ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ክው የምትል። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር።

በዚያ አገር ልማድ፣ በእኛም እንደዚያው ነው፣ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ሴት ልጅ ወሯ ሲገባ ወደ እናቷ ትሄዳለች። እናት ታርሳታለች፣ ታበላታለች፣ ልጅ አያያዝ ታሳያታለች። የዚች የሚዳቋ እናት ግን ከትልቁ ወንዝ ማዶ ነበር የምትኖረው። ክረምቱ ቀድሞ ገባና ወንዙ ሞላ። ባሏ ወንዙ ዳር ወርዶ ቢያይ ውሃው ግንድ እየነቀለ ይወርዳል። ተመልሶ መጣና፣ «በቃ እዚሁ ትወልጃለሽ እንግዲህ፤ ምን ይደረግ!» አላት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እናቴን ብላ ነው፤ ማንስ ቢሆን አያለቅስ?

ጎረቤት አልነበራትም ማለት አይደለም። ከጎጆዋ በላይ፣ ከቋጥኙ ስር፣ እማማ ጃርት ነበረች። ብዙ የወለደች፣ ብዙ ያዋለደች፣ አፏ ግን ኮምጣጣ የሆነ አሮጊት ናት። «እንደምን አደርሽ» ስትል እንኳ ሰው የተሰደበ ይመስለዋል። ሰውነቷንም ታውቁታላችሁ፤ ከማጅራቷ እስከ ጭራዋ እሾህ ነው።

ምጡ መጣ። ሚዳቋ «ማርያም! ማርያም!» ስትል ቀድማ የሰማች እማማ ጃርት ናት። ቅቤዋን በቅጠል ቋጥራ፣ የገብስ ዱቄቷን አዝላ፣ እሾኋን እያንኮሻኮሸች ቁልቁል ወረደች። በሩ ላይ ባልየው ቆሟል።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ወዴት ትለኛለህ እንዴ! ሴት ስታምጥ አትሰማም? ዞር በልልኝ!»

ባልየው እሾኋን አየና ፈራ። አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ፣ «እማማ ጃርት መጥታለች፤ ትግባ ወይ?» ሲል ሚስቱን ጠየቃት። ሚዳቋ በዚያ ምጥ መሃል ሆና፣ «ኧረ በማርያም! ልጄን ትወጋብኛለች፤ አታስገባት!» ብላ ጮኸች። ፈርታ ነው። የፈራ ሰው ክፉ ነገር ይናገራል። እማማ ጃርት ግን ሰማቻት። ቅቤውንና ዱቄቱን የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠችና አንድም ቃል ሳትተነፍስ ዳገቱን ተመልሳ ወጣች። ያቺ አፈኛ ዝም ካለች ምን ያህል እንደከፋት አስቡት።

ግልገሉ ተወለደ። ማርያም አትጨክንም፤ ያለ አዋላጅም ወጣ። እግሩ ክር የሚያክል፣ ሲያለቅስ ግን ሸለቆውን የሚሞላ ነው። ያን ድምፅ ማን ሰማ? ሸለምጥማጥ ሰማች። ድምፁን ብቻ መሰላችሁ? የቅቤውንም ሽታ ነፋስ አመጣላት።

እመት ሸለምጥማጥን ታውቋት የለም? ነጠብጣብ ካባ የለበሰች፣ ጭራዋ ከቁመቷ ጋር የሚወዳደር፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ናት። ሌባ ይሏታል። እኔ ግን ሌባ አልላትም፤ ሌባ ተደብቆ ነው የሚበላው። እሷ በበር ገብታ፣ መርቃ፣ ተመስግና ነው የምትበላው። ወልዳ አታውቅም፤ አራስ ቤት ግን የእሷን ያህል የገባ የለም። መዳፏን እያሻሸች ገባችና፣

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሥርዓቱን እኔ ላሳይሽ፤ አንቺ ተኚ፣ እኔ አለሁልሽ!» አለች። ጭራዋንም ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ ቁጭ።

ሚዳቋ ደስ አላት። ለስላሳ ፀጉር፣ ለስላሳ ድምፅ፣ «የኔ ልጅ» የሚል አፍ አገኘች። «አሜን፣ ማርያም ታኑርሽ» አለቻት ከልቧ።

ግልገሉ ጡት ፍለጋ አፍንጫውን ሲያሻሽ፣ ከጡቷ ጫፍ ጠብ ያለውን ሸለምጥማጥ አየችው። «ውይ ውይ ውይ!» አለች።

«ምነው እመቤት? ምን ሆነ?»

«ቢጫ ነው! አታይውም እንዴ? እንገር ነው ይሄ፤ ሆድ ውስጥ የከረመ የመጀመሪያው ወተት! ይሄን ለሕፃን ልትሰጪ? ልትገድይው ነው? ይታለብና ይደፋ። ነጩ እስኪመጣ ልጁ ቅቤ ይላስ። ሥርዓቱ ነው።»

ሚዳቋ ምን ታውቃለች? «ሥርዓቱ ነው» ሲባል እናቷ የተናገረች መሰላት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ ነው ነገሩ። በቅል አለበችና ሰጠቻት። ሸለምጥማጥም፣ «ጉንዳን በማይደርስበት እኔው እደፋልሻለሁ» ብላ ከጎጆው ጀርባ ዞረች። እውነትም ጉንዳን በማይደርስበት ደፋችው፤ ጉሮሮዋ ውስጥ! አፏን በመዳፏ ጠረገችና፣ «እንዴት ያለ ነገር ነው እናንተ! ወተት አይሉት፣ ቅቤ አይሉት» አለች ለራሷ። ተመልሳም ከእማማ ጃርት ቅቤ በጣቷ ቆንጥራ ግልገሉን አላሰችው። ጣቷ ላይ የቀረውን ራሷ ላሰች።

ሳቁ፣ ሳቁ ልጆቼ። ግልገሉ ግን አልሳቀም፤ ራበው።

በማግስቱ ጀንበር ሳትሞቅ ከተፍ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሥርዓቱን እኔ ላሳይሽ፤ አንቺ ተኚ፣ እኔ አለሁልሽ!» ጭራዋን ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ ቁጭ። «ገንፎው የታለ?»

«ማን ያገንፋልኝ እመቤት?» አለች ሚዳቋ።

«እንዴ፣ ባልሽስ?»

ባልየው ከደጅ ሆኖ፣ «እኔ ወንድ ነኝ! አራስ ቤት ምን አገባኝ!» አለ።

«እውነቱን ነው» አለች ሸለምጥማጥ። «እኔም መዳፌ ለስላሳ ነው፤ ማማሰያ አልይዝም። በይ ብድግ በይ የኔ ልጅ። ተኚ ያልኩሽ እኮ ካገነፋሽ በኋላ ነው።»

አራሷ ተነሳች። ወገቧን እየቆረጣት ድስት ጣደች። ገንፎ ደግሞ ክንድ ነው የሚፈልገው፤ ጤነኛውንም ላብ በላብ ያደርገዋል። እንደምንም አማስላ ጨረሰችና ገበቴ ላይ ገለበጠችው፤ መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬውን አፈሰሰችበት። ልትጎርስ እጇን ስትሰድ ሸለምጥማጥ ያዘቻት።

«ቆይ እንጂ! ሳይቀመስ?»

«ምኑ ነው የሚቀመሰው?»

«የአራስ ገንፎ ቀማሽ አለው እኮ። ክፉ ዓይን አርፎበት ቢሆንስ? መጀመሪያ ጠያቂ ቀምሶ ክፉውን ያነሳለታል። ሥርዓቱ ነው።»

ቀመሰች። ከመሃሉ፣ ከቅቤው ጀመረች፤ ዙሪያውን ዞረች፤ ገበቴውን አጋድማ ላሰች። ስትጨርስ ሆዷን እያሻሸች፣ «ምንም ክፉ የለውም፤ እፎይ በይ!» አለቻት። ለሚዳቋ ከድስቱ ጋር የተጣበቀው ቀረላት። «ራበኝ» አላለችም። እንግዳ ፊት ራበኝ እንዴት ይባላል? ይሉኝታ የስንቷን አራስ አጥንት እንደጋጠ እኔ ልንገራችሁ!

እንዲህ እንዲህ ስትል ሰነበተች። ጠዋት ትመጣለች፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች፤ ትቀምሳለች፤ ትሄዳለች። ባልየው አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ አየና፣ «እመት ሸለምጥማጥ፣ ሚስቴ ምነው ከሳች? አንቺ ደግሞ ምነው ወፈርሽ?» አላት። ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር፣ «አራስ ትከሳለች፣ ጠያቂ ይወፍራል። ሥርዓቱ ነው» አለችው። እሱም፣ «እህ፣ ለካ እንደዚያ ነው» ብሎ ተመለሰ። እንግዲህ እንደዚህ ዓይነቱም ባል አለ።

ግልገሉ ግን ማልቀሱን አልተወም። ነጩ ወተት መጣ ሲሉት ይጠፋል፤ ቢመጣም ጠብታ ነው። ሚዳቋ አፍራ፣ አቀርቅራ፣ «እመቤት፣ ወተቴ አነሰ» አለች።

ሸለምጥማጥ ያን የመጀመሪያ ቀን ቅል አስታወሰችና ምራቋን ዋጠች። ጡቱ ቢሞላ ለእሷም አንድ ቅል ይተርፋታል። «ማነሱ መቼ ይቀራል!» አለች። «ቀን ከሌት እያጠባሽው እንዴት ይጠራቀም? ጋን ውስጥ ያለ ጠላ ካልከደኑት ይሞላል? ጡትሽ ይረፍ! ዛሬ አታጥቢው። ሲሞላ ትሰጪዋለሽ። ሥርዓቱ ነው።»

ሚዳቋ እንባዋን እየጠረገች እሺ አለች። ግልገሉ ያን ቀን አለቀሰ፣ አለቀሰ። ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። ከዚያ ዝም አለ።

ባልየው ከደጅ፣ «እሰይ፣ ተኛ!» አለ። ሸለምጥማጥም፣ «አላልኳችሁም?» አለች። እናት ግን እናት ናት። ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ አዳመጠች።

«አልተኛም» አለች። «ልጄ አልተኛም። ልጄ እያለቀብኝ ነው!»

ልጆቼ፣ ሕፃን ሲያለቅስ አትፍሩ፤ ዝም ሲል ነው መፍራት።

ሸለምጥማጥ ቀረብ ብላ አየችው። አፉ ደርቋል፤ ጆሮው ወድቋል። ያኔ አስባው የማታውቀው ሐሳብ መጣባት። ልጁ ከሞተ አራስ የለም፤ አራስ ከሌለ ገንፎ የለም፤ ገንፎ ከሌለ ቅቤ የለም! ይሄን ያሰበው ሆዷ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ደረቅ አፍ ስታይ ሆዷ ብቻ አይደለም የደነገጠው። ሌላም ነገር ውስጧ ክው አለ። ምን እንደሆነ እሷም አላወቀችውም፤ ለምዳው አታውቅማ።

«ምን ላድርግ?» አለቻት ሚዳቋ እጇን ይዛ። «አንቺ ሥርዓቱን ታውቂያለሽ። ንገሪኝ እንጂ፣ ምን ላድርግ?»

ሸለምጥማጥ አፏን ከፈተች። ያ ሁሉ ሥርዓት ያን ቀን አለቀባት። ዘላ ወጣችና ዳገቱን ሽቅብ ሮጠች።

እማማ ጃርት ቋጥኙ ስር ተቀምጣ ስራስር ትቆረጥማለች።

«እማማ! እማማ ጃርት! ድረሽልን!»

«ማነሽ አንቺ? ሂጂልኝ ከደጄ፤ ዶሮ የለኝም።»

«ዶሮ ፈልጌ አይደለም እማማ፤ የሚዳቋ ልጅ…»

«እና እኔን ምን አገባኝ? እኔ እሾሃም ነኝ፤ እወጋለሁ። እኔ በር ላይ የተመለስኩ አሮጊት ነኝ። ለስላሶቹ ይርዷት!»

«እማማ፣ ማልቀስ አቆመ።»

እማማ ጃርት የምትቆረጥመው ከአፏ ወደቀ። ቂሟን የት እንደጣለችው እኔ እንጃ። እሾኋን እያንኮሻኮሸች ቁልቁል ስትንደረደር፣ ያቺ ፈጣን ሸለምጥማጥ እንኳ ልትደርስባት አልቻለችም።

በሩ ላይ ባልየው እንደቆመ ነው። «ወዴት ነው እማ…» ብሎ ጀመረ። አንዴ ብቻ አየችው። ዞር አለ።

እማማ ጃርት ገብታ እሾኋን ጭብጥ አድርጋ ወደ ኋላ አስተኛችው። «አትፍሪኝ፤ አስተኝቼዋለሁ» አለች።

«እማማ፣ ይቅር በዪኝ፤ ያን ቀን እኔ…»

«ይቅርታውን ለኋላ አስቀምጪው። ጋቢሽን ግለጪና ልጁን ደረትሽ ላይ አድርጊው፤ ሰውነትሽ ይንካው፣ ይሙቀው። እንዲያ ነው። ምን በላ?»

«ቅቤ።»

«ቅቤ! እንገሩስ?»

«ተደፋ። ሥርዓቱ ነው ተባልኩ።»

«የማን ሥርዓት? እንገር እኮ የሕፃን የመጀመሪያ ጋሻው ነው! ማነው የደፋው?»

ሁሉም ዞረው ሸለምጥማጥን አዩ። «ጉንዳን… ጉንዳን በማይደርስበት ነው የደፋሁት» አለች ጢሟን እየላሰች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«አንቺስ ምን በላሽ?» አለች እማማ ጃርት ወደ ሚዳቋ ዞራ።

«ገንፎ አገንፍቼ ነበር።»

«በላሽ ወይ ነው ያልኩሽ!»

«ተቀመሰልኝ» አለች ሚዳቋ ቀስ ብላ።

እማማ ጃርት ያን የተኛውን እሾህ ሁሉ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። «ልጅ እናቷን ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁ!» አለች። ሸለምጥማጥ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወደ በሩ ማዝገም ጀመረች። እማማ ጃርት ቀደመቻት። ከጀርባዋ እሾህ እየመዘዘች ደፉ ላይ ደርድራ ሰካች።

«ይሄ ልጅ ጡት ሳይዝ ከዚህ ቤት የምትወጪ እንዳይመስልሽ። ድስት ጣጂ! አንተ፣ ወንድ ነኝ ባዩ፣ ውሃ ቅዳ፣ እንጨት ፍለጥ!»

«እማማ፣ እኔ እኮ አራስ ቤት…»

«ልጁ ያንተ አይደለም እንዴ? የሰው ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ውሃ ቅዳ!»

ባልየው እሾኹን በአንድ ዝላይ አለፈና እንስራውን ይዞ በረረ። ሚዳቋ አይደል? ሸለምጥማጥ ግን በዚያ ለስላሳ መዳፏ የት ትደርሳለች! ማማሰያውን አነሳች። ውሃው መጣ፤ ፈላ፤ ዱቄቱ ገባ። እያማሰለች ላቧ ጠብ ጠብ ይላል። ቅቤው አፍንጫዋ ስር ተቀምጧል። አንዴ ምላሷን ወጣ አደረገች። «እሾህ አለኝ!» አለች እማማ ጃርት ፊቷን እንኳ ሳታዞር። ምላሷን መለሰችው።

እማማ ጃርት ከሚዳቋ ጎን ተቀምጣ ግልገሉን ወደ ጡቱ አስጠጋችው። አልያዘም። እንደገና አስጠጋችው። አልያዘም። የሚዳቋ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«የለኝም እማማ። ደርቋል። ሌላው ሁሉ እናት ይሆናል፤ እኔ መሆን አቃተኝ።»

«ዝም በይ፤ ማነው ችሎ የጀመረው?» አለች እማማ ጃርት። «እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ከነእሾሁ ነው የመጣልኝ። ለስላሳ ነው፤ ግን እሾህ እሾህ ነው። እንዴት አድርጌ ልቀፈው? ጡቴን ደግሞ ብፈልግ፣ ብፈልግ የለም! እሱ ያለቅሳል፣ እኔ አለቅሳለሁ። እናቴ መጥታ፣ ‹ምን ሆነሽ ነው ልጄ?› ብትለኝ፣ ‹እማዬ፣ ያለ ጡት ነው የፈጠረኝ!› አልኳት። ለካ የጃርት ጡት ጎኗ ላይ ነው፤ እኔ ሆዴ ላይ ነበር የምፈልገው!»

ሚዳቋ በእንባዋ መሃል ፍርፍር ብላ ሳቀች። በሳቋ ያ ሽቅብ ተሰቅሎ የከረመው ትከሻዋ ወረደ፤ ሰውነቷ ላላ። እማማ ጃርትም ጡቷን በቀስታ ጫን ጫን ስታደርገው አንዲት ጠብታ ወጣች። ጠብታዋን በጣቷ ተቀብላ የግልገሉን ከንፈር ቀባችው።

ምንም የለም።

ሌላ ጠብታ ቀባችው። ሸለምጥማጥ ማማሰያውን እንደያዘች አንገቷን ሰግጋ ታያለች። ባልየው እንስራውን እንዳዘለ ቆሟል። «ና የኔ ጌታ» አለች ያቺ ኮምጣጣ አሮጊት፣ ድምፅዋ እንደዚያ ሆኖ ተሰምቶ አያውቅም። «ና የኔ ማር፣ ና ቅመስ።» ቀጭን ምላስ ወጣችና ከንፈሩን ላሰች። አፉን ከፈተ። ያዘ፤ ሳበ፤ ለቀቀ። እንደገና ያዘ።

«ምንም እኮ አያገኝም» አለች ሚዳቋ።

«ግድ የለም ይሳበው፤ እየሳበ ነው የሚጠራው። አንቺ ብቻ ብዪ። ገንፎው ይምጣ!»

ሸለምጥማጥ ገበቴውን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። መዳፏ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ቅቤው መሃሉ ላይ ሞልቶ፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። «ማን… ማን ይቅመሰው?» አለች ልማድ ሆኖባት።

«አፍሽን!» አለች እማማ ጃርት። ጠቅልላ፣ ቅቤው ውስጥ ነክራ፣ እናቲቱን አጎረሰቻት። ደግማ አጎረሰቻት። ሚዳቋ እያለቀሰች በላች፣ እየበላች አለቀሰች። ሳታስበውም «እናቴ» አለቻት። እማማ ጃርት ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ጭሱን ሰደበች።

ቀኑን ሙሉ በዚህ ዋሉ። ልጁ ይስባል፣ ይደክመዋል፣ ያሸልባል፤ ቀስቅሰው እንደገና ጡት ላይ ያደርጉታል። እናት ትበላለች፣ አጥሚት ትጠጣለች፣ ትተኛለች። ያ ወንድ ነኝ ባይ የልጁን ጨርቅ አጥቦ ቁጥቋጦ ላይ ሲያሰጣ ዋለ፤ ወንድነቱም ምንም አልጎደለበት። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የግልገሉ ጉሮሮ ተሰማ፤ ጉርጥ፣ ጉርጥ። ከአፉ ጥግ ነጭ ወተት ወረደ። ጠጥቶ፣ ጠጥቶ ለቀቀና አለቀሰ። ሸለቆውን በሚሞላው በዚያ በድሮ ድምፁ!

ልቅሶ ተሰምቶ እንዲህ ደስ ያለበት ቤት የለም። ታዲያ ማን ቀድሞ እልል ቢል ጥሩ ነው? ሸለምጥማጥ! «እልልልል!» ብላ አቀለጠችው። ከዚያ ደንግጣ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ማንም አላዘዛትማ።

«ነዪ እስቲ ወዲህ» አለቻት እማማ ጃርት። ሸለምጥማጥ ዛሬ አለቀልኝ ብላ ጆሮዋን ጥላ ቀረበች።

«እንገሩን ጠጥተሻል?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ገንፎዋን በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ልጁን ልትገድይው ነበር።»

«አዎ» አለችና አንገቷን ደፋች።

«ታዲያ እኔን ልትጠሪ ምን አስሮጠሽ?»

«መጀመሪያ… ለገንፎው ብዬ ነው።»

«ኋላስ?»

«ኋላ ግን የገንፎው ነገር ጠፋኝ። ልጁ ብቻ ታየኝ» አለች።

ባልየው፣ «ምን ታወሪያታለሽ እማማ! በእሾህ በያት!» አለ። ሚዳቋ ግን ልጇን እንዳቀፈች ቀና አለች። «ተዋት» አለችው። «እኔ ያን ቀን የሮጠችልኝን በር ላይ መልሻለሁ፤ የበላችኝን ደግሞ ገብተሽ ተቀመጪ ብያለሁ። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ዛሬ ስታማስል ውላለች፤ ድስቱን ስጧት።»

እማማ ጃርት አሰበችና፣ «እሺ ትብላ» አለች። «ነገ ግን ውሃ አዝለሽ ትመጫለሽ። ከነገ ወዲያም። ወንዙ ጎድሎ እናቷ እስክትሻገር ማማሰያው ያንቺ ነው። ትቀሪና…» እሾኋን አንኮሻኮሸች።

«አልቀርም! ማርያምን አልቀርም!»

ድስቱን ይዛ ጥግ ላይ ቁጭ አለችና የተጣበቀውን ፋቀች። ቅቤ አልነካውም፤ አርሯል። ግን ሠርታ የበላችው ስለሆነ ከዚያ ሁሉ ቅቤ ይልቅ ጣፈጣት ይላሉ። እኔ ይሄን አላምንም፤ ያረረ ያረረ ነው። ብቻ ፍቃ ጨረሰችው።

ታዲያ መጣች? መጣች። እየተነጫነጨች፣ «ወይ ወገቤ!» እያለች፣ ግን መጣች። ወንዙ ጎድሎ የሚዳቋ እናት ስትሻገር ልጇን ወዟ ተመልሶ፣ የልጅ ልጇን ሲዘል አገኘቻቸው። ምድጃው አጠገብ ሸለምጥማጥ ገንፎ ስታማስል ብታይ፣ «ውይ! ይቺ ቀላዋጭ እዚህ ምን ትሠራለች?» ብላ ጮኸች። ሚዳቋም፣ «ተዪ እማዬ፣ አራሼ ናት፤ አብልታ ያረሰችኝ» አለቻት። ሸለምጥማጥ እንዲህ ተብላ ተጠርታ አታውቅምና ገንፎው እስኪጓጉል ድረስ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሴት ምጥ ሲይዛት ከእማማ ጃርት ቀጥላ የምትደርሰው ሸለምጥማጥ ሆነች፤ እንስራ አዝላ። ሆዳምነቷ አልለቀቃትም፤ ልዋሻችሁ አልችልም። ግን ማንኪያ የምታነሳው እናቲቱ ጠግባ ገበቴውን ከገፋች በኋላ ነው። ሆዳም ቢሆንስ ታዲያ! ውሃ ቀድቶ ይምጣ እንጂ ሆዱን እኔ እሞላለሁ።

ተረቴን የሰማ ለሌላው ያድርስ፤ ጎረቤቱ የወለደችበት ደግሞ አፉን ትቶ በእጁ ይድረስ። ይቺን ግን ሳትጥሉ ያዙልኝ፦ ምንጭ በመቀዳት፣ ጡት በመጠባት፣ እናት በእናት ነው የሚሞላው።